የመንጋጋዬ ደርስ

በየማለዳው ሥራዬን የምጀምረው በሰው ጥርስ ነው።

ሪያድ ራውዳ ሰፈር በምሠራበት ቤት፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ መጀመሪያ የምይዘው መጥረጊያም ድስትም አይደለም፤ የሐጃን ጥርስ ነው። ሐጃ የምላቸው የቤቱን እመቤት እናት ነው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ከላይም ከታችም ያለው ጥርሳቸው ሰው ሠራሽ ነው። ማታ ያወልቁትና ውሃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጡታል። ጠዋት እኔ በብሩሽ ፈትጌ፣ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቄ፣ በንጹሕ ፎጣ ይዤ አቀርብላቸዋለሁ። ጥርሳቸውን እስኪያስገቡ ድረስ ከሚናገሩት አንድም ቃል አይገባኝም። ካስገቡ በኋላ ግን ከቤቱ ሰው ሁሉ የእሳቸውን ያህል የሚገባኝ የለም። «ሻዩ የታለ? መጋረጃውን ክፈቺው እንጂ! ይሄ ደግሞ የምን ሽታ ነው?» ጥርሱ ሲገባ ሥልጣኑም አብሮ ይገባል። እኔም እየሳቅኩ ሻዩን ላመጣ እሄዳለሁ።

የማወራው ግን ስለ እሳቸው ጥርስ ሳይሆን ስለ እኔው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የሰው ጥርስ እንደ ብርሌ እያጠብኩ፣ የራሴን አፍ ደብቄ ልሞት ነበር።

ነገሩ የጀመረው በረመዳን ነው። መግሪብ አዛን ሲል ተምር አንሥቼ አፌ ከተትኩ። ቀኑን ሙሉ ማድቤት ቆሜ ስለዋልኩ በጣም ርቦኝ ነበር፤ ተምር ፍሬ እንዳለው እንኳ ረስቼ በኃይል ነከስኩት። ቀጭ አለ። ፍሬው የተሰበረ መስሎኝ ተፋሁት፤ ፍሬው ደህና ነው። የተሰበረው ከላይ በግራ በኩል ያለው መንጋጋዬ ነው። ቀድሞም ተቦርቡሮ ነበር፤ እያየሁ ችላ ያልኩት ጥርስ ነው።

ግማሹ ሄደ፤ የቀረው ግማሽ እንደ ቆርቆሮ ጠርዝ ስለት አውጥቶ ወደ ጉንጬ ዞረ። ባኘኩ ቁጥር የጉንጬን ውስጥ ይቧጭረዋል። የተቧጨረው ያብጣል፤ ያበጠውን ደግሞ ስበላ መልሼ እነክሰዋለሁ። በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ። ቅርንፉድ ያዝኩበት፤ ያደነዝዘውና ተመልሶ ይነሣል። ከዚያ እኔው ሐኪም ሆኜ ነጭ ሽንኩርት ወቀጥኩና ጉንጬ ሥር ወተፍኩት። እንደ እሳት ለበለበኝ። የሚቃጠለው በሽታው ነው ብዬ ቻልኩት። ደስ ብሎኝ በየሳምንቱ ደጋገምኩት።

አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቼ በስልኬ መብራት በመስታወት አየሁት። መሐሉ ቀልቷል፣ ዙሪያው ነጭ ሆኗል። ወሎ እኛ ሰፈር አንዲት ጎረቤት ነበሩን፤ አፋቸው ውስጥ ትንሽ ቁስል ወጣችባቸው። «ትንሽ ናት፣ ትድናለች» እያሉ ዓመት አለፋቸው። ኋላ ላይ ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው ነበር የሚወጡት፤ ከዚያም መውጣቱን ተዉት፤ ከዚያም ቀበርናቸው። እሳቸውን ለማጠብ ከገቡት ሴቶች አንዷ እናቴ ነበረች፤ ተመልሳ ስትመጣ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። መስታወቱ ውስጥ የታዩኝ እሳቸው ናቸው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ያም ሆኖ ደበቅሁ። ምክንያቱ አንዲት የአገሬ ልጅ ናት። ከጎናችን ባለው ቤት ትሠራለች፤ ቆሻሻ ልንጥል ስንወጣ በር ላይ እንገናኛለን። አፌን ይዤ አየችኝና ምን ሆንሽ አለችኝ። ነገርኳት።

«ዋ እህቴ! እንዳትነግሪያቸው!» አለች።

«ለምን?»

«አንቺ የአሮጊቷን ጥርስ የምታጥቢ ሰው ነሽ። አፏ ቁስል አለው ካሉ አበቃ። ፈሕስ ያስደርጉሻል፣ ከዚያ ኸላስ፣ ኹሩጅ ይመቱልሻል። ሻንጣሽን ይዘሽ ቦሌ ነሽ!»

ፈሕስ የሚሉት ምርመራውን ነው፤ ኸላስ በቃ ማለት ነው። ኹሩጅ ደግሞ መመለሻ የሌለው መውጫ ነው፤ ፓስፖርት ላይ አንዴ ከተመታ በዚያው መሄድ ነው። ልጅቷ ከኪሷ አውጥታ የፈጠረችው ፍራቻ አይደለም። መጀመሪያ የነበረችበት ቤት እጇ ላይ ሽፍታ ስለወጣ ብቻ በር አውጥተዋት ነበር። እኔ ደግሞ ልጄን እናቴ ዘንድ ትቼ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ልጄ ትምህርቷን ሳትጨርስ ባዶ እጄን መመለስ አልችልም። ስለዚህ ዝም አልኩ። ጥርሴን ነክሼ እችለዋለሁ እንዳልል፣ ያልቻልኩት ጥርሴን መንከሱን ነው። ዳቦ በሻይ እየነከርኩ በቀኝ በኩል ብቻ እውጣለሁ። እንግዳ ሲመጣ እየሳቅኩ አስተናግዳለሁ፤ ጥርስ ባዳ ነው የተባለው እውነት ነው።

ዝምታዬ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው አቃተኝ። ንዴታም ነኝ፤ ቶሎ ይነድደኛል፣ ቶሎም ይበርድልኛል። ያን ቀን ግን ከማለዳ ጀምሮ ከድስቱም ከወንፊቱም ስጣላ ዋልኩ። በመጨረሻ «የመጣው ይምጣ፣ እነግራታለሁ» አልኩና ወደ እመቤቲቱ ገባሁ። ማማ ነው የምላት፤ አምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ሶላቷንና ሶፋዋን የምትወድ ሴት ናት።

ዐረብኛዬ የማድቤት ዐረብኛ ነው። ጥርስ «አስናን» እንደሚባል አውቃለሁ። ነገር ግን በዚያ ቤት «አስናን አምጪ» ከተባልኩ የማመጣው ብርጭቆ ውስጥ ያለውን ነው። አስናን እፈልጋለሁ ብላት እንደ ሐጃ ያለ ሰው ሠራሽ ጥርስ ግዢልኝ ያልኳት እንዳይመስላት ፈራሁ። ሌላ የማውቀው ቃል ነበር። ሐጃ ጥርሱ አልመቻቸው ሲል ጉንጫቸውን ይዘው «ዱሩሲ! ዱሩሲ!» ይላሉ። ዱሩስ ማለት መንጋጋዎች ማለት እንደሆነ ከእሳቸው ነው የተማርኩት። በቃ ይሄ ነው የእኔ ቃል አልኩ።

«ማማ» አልኳት፣ «አና የብጋ ሩሕ ዱሩስ።» ለዱሩስ መሄድ እፈልጋለሁ ማለቴ ነው።

ስልኳን አስቀመጠች። «አንቺ? ለዱሩስ?»

«ኤዋ ማማ። ዱሩስ ከቲር፣ ከቲር።» ብዙ፣ በጣም ብዙ አልኳት፤ ሕመሙን ማጠንከሬ ነው።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተነሥታ ግንባሬን ሳመችኝ። «አብሽሪ! አብሽሪ!» አለች። አብሽሪ እኛም አገር አለ፤ አይዞሽ፣ በርቺ ማለት ነው። እዚህ ደግሞ ያልሽው ሆነልሽ ማለት ነው። ወዲያው ለሐጃ ነገረቻቸው፤ ሐጃም ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። ከዚያ ስልኳን አነሣችና ለእህቷም አወራችላት። ጥርሴ በሪያድ ሙሉ መወራቱ ትንሽ ደነቀኝ። ግን ደግሞ «የእኔ መታመም ይህን ያህል የሚያስደስታት ከሆነ ሁለት ወር ሙሉ ምን ነክቶኝ ነው የደበቅሁት?» ብዬ በራሴ ተናደድኩ።

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ አዲስ አባያ አለበሰችኝ፤ የጨርቅ ቦርሳም ሰጠችኝ። ከፍቼ ሳይ ደብተርና እስክሪብቶ አለበት። ሐኪሙ የሚለኝን እንድጽፍ ይሆናል አልኩ። መኪናዋን ራሷ እየነዳች መስጊድ አጠገብ ካለ ቤት በር ላይ አወረደችኝና መጥቼ እወስድሻለሁ ብላ ሄደች። ገባሁ። ምንጣፍ ላይ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ከኢንዶኔዥያ፣ ከኬንያ፣ ከእኛም አገር የመጡ፣ እንደ እኔው በሰው ቤት የሚሠሩ። ተራ እየጠበቁ መሰለኝ። ልብ ብዬ ሳይ እያንዳንዷ ቁርኣን ይዛለች። «እዚህ ጥርስ ሲነቀል ምን ያህል ቢያም ነው ሰው ሁሉ ቁርኣን ይዞ የሚጠብቀው?» አልኩ በሆዴ።

ከፊት የተቀመጡት ሴት ሱዳናዊት ናቸው፤ ኡስታዛ ይሏቸዋል። በእጃቸው ጠሩኝ። ሄጄ ፊታቸው ተንበረከክሁ።

«አፍሽን ክፈቺ» አሉኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ፣ ጉሮሮዬ እስኪታይ ከፈትኩላቸው።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። «ያን ያህል እንኳ አይደለም ልጄ» አሉ ኡስታዛ፤ «አዑዙ ቢላህ ለማለት ትንሽ ይበቃል።»

ያኔ ነው የገባኝ። ለካ ዱሩስ ሁለት ነው! አንደኛው በቀላሏ «ደ» የሚጀምረው ነው፤ ደርሶች ማለት ነው። ደርስ እኛም አገር የቁርኣንና የኪታብ ትምህርት ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ቃል። ሌላኛው ግን ዷድ በምትባለው በከባዷ ፊደል ይጀምራል፤ እሱ ነው መንጋጋ። በዐረብ አፍ ሁለቱ ሩቅ ለሩቅ ናቸው። በእኔ አፍ አንድ ናቸው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አይደል የሚባለው? ጥርሴን አሳክሙኝ ብዬ ቁርኣን አስቀሩኝ፣ አስተምሩኝ ብያት ኖሯል።

እንግዲህ ምን ይባላል? «ማማ፣ እኔ የፈለግሁት ጥርስ ነው እንጂ ቁርኣን አይደለም» ልበል? ግንባሬን የሳመችኝን ሴት? ዱዓ ያደረጉልኝን ሐጃን? የሙስሊም ልጅ ይህን በምን አፏ ትናገራለች? እንኳን የተሰበረ መንጋጋ ይዤ፣ ጤነኛ አፍም ቢኖረኝ አልደፍረውም ነበር። ሁለተኛም፣ የመናገር ወኔዬ ያን ቀን አልቋል። ስለዚህ መሄዴን ቀጠልኩ። ዐሥር ቀን ያህል ቀራሁ። በሁሉም ተናደድኩ፦ በተምሩ፣ በደብተሩ፣ በማማ ደስታ፣ ከሁሉ በላይ በገዛ ምላሴ። እየቀራሁ የማስበው ስለ ጎረቤታችን ሻሽ ነበር። ማታ ወደ ቤት ስመለስ ማማ «ዱሩስ እንዴት ነው?» ትለኛለች። «ተማም፣ ደህና ነው» እላታለሁ። የትኛውን እንደጠየቀች ግን አንድም ቀን አልጠፋኝም።

አንድ ቀን የቁርኣን መክፈቻዋን ፋቲሓን ስንቀራ መጨረሻዋ ላይ ደረስን፤ «ወለድ ዷሊን» የሚለው ላይ። እዚያ ላይ ዷድ አለች። እኛ ሰፈር «ወለዳሊን» ብለን እናልፋት ነበር። ኡስታዛ ግን አያሳልፉም።

«ስሙኝ» አሉ፤ «ይቺ ፊደል የምትወጣው ከምላስ ጫፍ አይደለም፤ ከምላስ ጎን ነው። የምላሳችሁን ጎን ከላይኛው መንጋጋ ጋር አስጠጉት። ለአብዛኛው ሰው በግራ ይቀላል።»

በግራ። ላይኛው መንጋጋ። ከአፌ ውስጥ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል!

አንድ በአንድ እያስባሉ መጡና እኔ ጋር ደረሱ። በቀኝ በኩል ሞከርኩ። «በቀኝ ለምን?» አሉኝ፤ «በግራ በይው።» በቀኝ ደገምኩት። «ልጄ፣ በግራ ማን ይመታሻል?» አሉኝ እየሳቁ። እልሄ መጣ፤ ምላሴን ወደ ግራ ወስጄ በኃይል ስጫነው ስባሪው ምላሴን ወጋኝ፣ የቆሰለው ጉንጬም ከስለቱ ጋር ተፋተገ። ዓይኔ ፊት ጨለመብኝና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ይባባሉ ጀመር። ቁርኣኑ ልቧን ነክቷት አለቀሰች ብለው ነው። አንዷማ እሷም ማልቀስ ጀመረች።

ኡስታዛ አልተሸወዱም። «ይህ የቁርኣን እንባ አይደለም» አሉ። «ዕድሜዬን የሰው አፍ እያየሁ ነው የኖርኩት። አፍሽን ክፈቺ፤ ዛሬ እንደ መጀመሪያው ቀን አድርገሽ ክፈቺው።» የስልካቸውን መብራት አብርተው ጉንጬን በጣታቸው ገለል አድርገው አዩ። ሳቃቸው ጠፋ።

«ስንት ጊዜው ነው?»

«ከረመዳን።»

«ለእመቤትሽ አልነገርሻትም?»

«ነግሬያታለሁ» አልኩና ማልቀሴን ሳላቆም የሆነውን ሁሉ በዚያች በማድቤት ዐረብኛዬ ዘረገፍኩት። ኡስታዛ «ዱሩስ… ዱሩስ…» እያሉ ቃሉን ሁለቴ በአፋቸው አገላበጡት፤ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው እስኪንፈራፈሩ ሳቁ። እኔም በለቅሶዬ መሐል ሳቄ አመለጠኝ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠረጉና ስልካቸውን አነሡ።

እጃቸውን ያዝኩ። «አይደውሉላት! በአላህ ይሁንብዎ! ኹሩጅ ትመታልኛለች!»

«ኹሩጅ ከመጣ ከጤና ጋር ይምጣ» አሉኝ። «ይህ ቁስል ግን ዛሬ ሐኪም ሳያየው አያድርም።» ደወሉ።

ማማ መጣች። ኡስታዛ በሩ ላይ አቁመው ለብቻዋ አነጋገሯት፤ ፊቷ ሲለዋወጥ በመስኮት አያለሁ። መኪና ውስጥ ገባን። የቤታችን መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ሳትታጠፍ ቀጥ ብላ ነዳች። «አበቃ፣ ወደ መክተብ ልትመልሰኝ ነው» አልኩ፤ መክተብ ሠራተኛ አስመጪው ቢሮ ነው። የማስበው ሻንጣዬን ማን እንደሚያዘጋጅልኝ ነበር። ልጄ በር ላይ ቆማ ባዶ እጄን ስታየኝ ታየኝ። መኪናው ቆመና ቀና ብዬ ሳይ ከበሩ በላይ ትልቅ የጥርስ ሥዕል ተለጥፏል።

ያን ሥዕል ሳይ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሥዕሉ መልክ የለውም፤ ዓይንና እግር የተሠራለት የሚስቅ ጥርስ ነው። ለእኔ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደሱ የሚያምር ነገር አላየሁም።

ማማ ሞተሩን አጥፍታ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። «ዐሥር ቀን ሙሉ በዚህ አፍ ነው የቀራሽው?» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ እያወራሁ! ኹሩጅ የሚለውን ማን ነገረሽ? እኔ እንደዚያ የማደርግ ሰው እመስልሻለሁ?» አቀርቅሬ «ሰዎች ያደርጉታል ማማ» አልኳት። «እውነትሽን ነው፤ ያደርጉታል» አለችና በሩን ከፈተችልኝ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ፈጣን እጅ ያላት። አፌን አይታ «ጉንጭሽን ማን ነው የጠበሰው?» አለች። ነጭ ሽንኩርቱን ነገርኳት። «ሽንኩርት ለወጥ ነው» አለችኝ። ዙሪያው የነጣው አንዱ ምክንያት እሱ ነው፤ ሥጋዬን ራሴ ለብልቤዋለሁ። የጥርሱን ስለት በመሣሪያ ፈግፍጋ አለሰለሰችው። ከዚያ ወንበሩን ቀና አደረገችና ረጋ ብላ ነገረችኝ፦ ቁስሉ የስለቱና የሽንኩርቱ ሥራ ብቻ ከሆነ፣ ስለቱ ከሄደ በሁለት ሳምንት ውስጥ መዳን አለበት። ካልዳነ ግን ከሥጋው ትንሽ ተቆርጦ ይመረመራል። እንዲህ የቆየ የአፍ ቁስል ችላ አይባልም።

«ያ… ያኛው በሽታ ነው?» አልኳት። ስሙን አልጠራሁትም።

«በማየት ብቻ አላውቅም» አለች። «ብዋሽሽ አይጠቅምሽም። በሁለት ሳምንት ውስጥ አብረን እናየዋለን።»

እነዚያ ሁለት ሳምንታት አንድ ዓመት ሆኑብኝ። ሽንኩርት የለ፣ ቅርንፉድ የለ፤ ለብ ያለ የጨው ውሃና ለስላሳ ምግብ ብቻ። እዚህ ላይ ሐጃ ገቡ። ሐጃ የሚበሉት ጀሪሽ ነው፤ ከተከካ ስንዴ የሚሠራ ለስላሳ ገንፎ ነገር ነው። የምሠራላቸው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ሳሐናቸውን ሳቀርብላቸው ሁለተኛ ማንኪያ አምጪ አሉኝ። እንግዳ የመጣ መስሎኝ ነበር። «ተቀመጪ» አሉኝ፤ «ጥርስ የሌለን ሰዎች አብረን ነው የምንበላው።» እሳቸው ከዚያ፣ እኔ ከዚህ፣ ከአንድ ሳሐን በላን። በዚያ ቤት ከእመቤቲቱ እናት ጋር ከአንድ ሳሐን እበላለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ቀጥለውም ሌላ ልማድ አወጡ። ጠዋት ጥርሳቸውን አጥቤ ሰጥቻቸው ካስገቡ በኋላ፣ «አሁን ያንቺ ተራ ነው» ይሉኛል። እከፍታለሁ። ዓይናቸው እምብዛም አያይም፤ ቢሆንም አገጬን ይዘው አፌን ወደ መስኮቱ አዙረው ረጅም ጊዜ ያያሉ። «ዛሬ ከትናንት ይሻላል» ይሉኛል ሁልጊዜ። እንደማይታያቸው አውቃለሁ። ቢሆንም ነገ እስኪነጋ ያን ቃል እጠብቅ ነበር።

ኡስታዛም አልተውኝም። «እስክትድኚ ድረስ ዷድ በቀኝ ተፈቅዶልሻል» ብለው ፈረዱልኝ። ከጎናችን ለምትሠራው የአገሬ ልጅ በር ላይ ሁሉን ነገርኳትና፣ አፏን ይዛ ቆመች። «እውነት አልመቱልሽም?» አለችኝ ሦስት ጊዜ። በሳምንቱ እሷም ለእመቤቷ የወገብ ሕመሟን ተናገረች።

ቀኑ ደረሰ። ወንበሩ ላይ ተጋደምኩ። ማማ አጠገቤ ቆማ እጄን ያዘች። ሐኪሟ መብራቱን አወረደች። ጉንጬን ገልጣ አየች። በሌላ መስታወት አየች። በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ጓንቷን አወለቀች።

«ኸላስ» አለች። «ድኗል። ቦታው እንኳ አይታወቅም። ይህን ስባሪ ጥርስ አሁኑኑ እንነቅለዋለንና ሌላ ጣጣ የለም።»

ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ማማም አለቀሰች። ለራሴ ብቻ አይደለም ያለቀስኩት፤ ለጎረቤታችንም ነው። እሳቸው ያንን ቁስል ዓመት ሙሉ ይዘው ሲዞሩ፣ ከመካከላችን አፍዎን ይክፈቱ ያላቸው አንድ ሰው አልነበረም። ሰፈሩ ሙሉ ይወዳቸው ነበር፤ ሁላችንም ግን ሻሻቸውን ነበር የምናየው። ለእኔ ግን ያችን ቃል የሚሉ ሦስት ሴቶች ተገኙልኝ፦ ኡስታዛ፣ ሐኪሟና ሐጃ። ከእነሱ ጋር ያገናኘችኝ ደግሞ አፌ ሊጠራት ያልቻላት አንዲት ፊደል ናት። አልሐምዱሊላህ። ከዚህ ሌላ ምን እላለሁ?

መንጋጋው ተነቀለ። ድዴ እስኪጠግ ብዬ ከደርሱ ቀረሁ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። ማማ ምንም አላለችኝም፤ መጀመሪያም በስሕተት የተላክሁበት ስለሆነ በግድ እንዳይመስልብኝ ፈርታ ነው። እኔም አላነሣሁትም። ነገር ግን ዐስር አዛን ሲል እግሬ ወደ በሩ ይሄድብኝ ጀመር። ሶላት ላይ «ወለድ ዷሊን» ስል ምላሴ ወደ ግራ ይሄድና ክፍተቱን ያገኘዋል፤ አልፎ ከጎኑ ካለው ጥርስ ላይ ያርፋል። ፊደሏም ትወጣለች። ኡስታዛ ቢሰሙኝ ብዬ ተመኘሁ።

አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ወደ ሳሎን ገባሁ። ማማ እንደ ልማዷ ሶፋው ላይ ናት፤ ሐጃ ወንበራቸው ላይ ሻይ ይጠጣሉ።

«ማማ» አልኳት፣ «አና የብጋ ሩሕ ዱሩስ።»

በቀላሏ «ደ» ነው ያልኩት፤ ተጠንቅቄ፣ አጥርቼ። ማማ ግን ስልኳን እንደያዘች ብድግ አለች። የስልኳን መብራት አበራች። አጠገቤ መጥታ አገጬን ያዘች።

«አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ።

ደርሱን ነው ያልኩት ልላት ነበር፤ ተውኩትና ከፈትኩላት። ቀኙን አየች፣ ግራውን አየች፣ ጉንጬን በጣቷ ገልጣ አየች። ሐጃ ከወንበራቸው «ምን አለ? ምን አለ?» ይላሉ።

«ምንም የለም እናቴ፤ ንጹሕ ነው» አለቻቸው። መብራቱን አጠፋችና የመኪናዋን ቁልፍ ልታመጣ ሄደች።